«ለፎቶ ብዬ ከአገር ልወጣ ነው፤ የት ልሂድ?»

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ባንክ ነው የምሠራው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ አነሳለሁ። ካኖን 700ዲ አለኝ፤ ሌንሶቼ 18-55 እና 50 ሚሊ ሜትር ናቸው። እስካሁን ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ዘንድሮ ለፎቶ ብቻ ብዬ ልወጣ ነው። ፈቃዴ 12 ቀን ነው፤ ወይ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወይ ጥር ላይ መውሰድ እችላለሁ። ጓደኞቼ ዱባይ ይሉኛል። እኔ ደግሞ ኢስታንቡል፣ ኬንያ ሳፋሪ ወይም ዛንዚባር እያልኩ እወላውላለሁ። የቱ ይሻለኛል? አዲስ ሌንስ ልግዛ? ብቻዬን ብሄድስ?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱ ይከተላል። ዛንዚባር ሂጂ፤ የታንዛኒያ ደሴቶች ናቸው። ፈቃድሽን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ውሰጂ። ሁለት ቦታ ብቻ እደሪ፤ ግማሹን ጊዜ ስቶን ታውን በምትባለው አሮጌ ከተማ፣ ግማሹን በምሥራቁ ዳርቻ ጃምቢያኒ ወይም ፓጄ። ሌንስ አትግዢ። ቀኑን ደግሞ ጨረቃዋን አይተሽ ቁረጪ። የመጨረሻው ነገር ግራ ካጋባሽ አብሽሪ፣ ስደርስበት በደንብ አስረዳሻለሁ።

ደሴ ስቱዲዮ የሚመጡ ልጆች ስለ ጉዞ ሲያማክሩኝ አብዛኛው ንግግራቸው የሚጀምረው ስልካቸው ላይ ካዩት አንድ ፎቶ ነው። «እዚህ ቦታ ልሂድ» ይላሉ። ፎቶው በእርግጥ ያምራል። ግን ያነሳው ሰው እዚያ ቦታ ስንት ጠዋት ቆሞ እንደጠበቀ አይታይም። ስለዚህ እኔ አገር ከማማረጤ በፊት የምሠራው ሒሳብ አለ። ይሄ ጉዞ ስንት ጥሩ ጠዋትና ስንት ጥሩ ምሽት ይሰጠኛል? ያው ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ያንቺን እንቁጠረው። 12 ቀን አለሽ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ አንድ ቀን። ክረምት ስለሆነ በረራውም መንገዱም ሊያስተጓጉልሽ ይችላልና ለዓለም አቀፉ በረራ አንድ ቀን ቀድመሽ መግባት አለብሽ። ከአዲስ አበባ መድረሻሽ ሌላ ቀን። መመለሻውም እንደዚያው። ስትቀንሺው 8 ሙሉ ቀን ይቀርሻል። 8 ጠዋት፣ 8 ምሽት። ከምድር ወገብ አጠገብ ደግሞ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ያ ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። እንግዲህ የጉዞሽ ሀብት በሙሉ 16 ግማሽ ሰዓት ነው ማለት ነው። ገንዘብሽን የምታወጪው ለእሱ ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ጠዋት መኪና ላይ፣ አንድ ጠዋት ኤርፖርት፣ አንድ ጠዋት ሆቴል ስትቀይሪ ካለቀብሽ ከባድ ኪሳራ ነው።

ከዚህ ሒሳብ አንድ ነገር ይወጣል። ማረፊያሽ ከምታነሺው ቦታ በእግር የ10 ደቂቃ መንገድ መሆን አለበት። ያው ቦታ ላይ ደግመሽ ደጋግመሽ መቆም መቻል አለብሽ። የመጀመሪያው ጠዋት ቦታውን ታውቂዋለሽ። በሁለተኛው ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ትለያለሽ። በሦስተኛው ሰዎቹ አንቺን ይለምዱሻል፤ እውነተኛው ፎቶ የሚመጣው ያኔ ነው። በስምንት ቀን አምስት ከተማ የሚዞር ሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ነው ያለው።

ሁለተኛው መመዘኛዬ ዓይንሽን ይመለከታል። አንቺ ደጋና ቆላ መገናኛ ላይ ነው ያደግሽው። ሐረጎን ስትወጪና ስትወርጂ ጉም፣ ገደል፣ አረንጓዴ ተዳፋት አይተሽ ጠግበሻል። ገበያ ታውቂያለሽ። ሰው ታውቂያለሽ፤ ሠርግ የሚያነሳ ሰው ፊት ማንበብ ይችላል። የሌለሽ ባሕር ነው። የሚሸሽና የሚመለስ ውኃ፣ ጠፍጣፋ አድማስ፣ ከታች ወደ ላይ የሚያንጸባርቅ ብርሃን። ስለዚህ ሰው የማንሳት ችሎታሽን ይዘሽ የምትሄጂበት፣ ግን ብርሃኑ አዲስ የሚሆንብሽ ቦታ ነው የሚያስፈልግሽ። ዛንዚባርን ያስመረጠኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

የወቅቱ ነገር ደግሞ በጣም ይመቻል። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲያይል ዛንዚባር ደረቅና ለዓመቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። እዚያ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ ትንሹ ዝናብ ደግሞ በኅዳር አካባቢ ይመጣል። ጥርም ደረቅ ነው፣ ግን ሙቀቱ ይከብዳል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው ያ እርጥበት ያለው ሙቀት ቀልድ አይደለም። ከዚያ በላይ ደግሞ ልታነሺ የምትሄጂው የባሕር አረም የሚያምርበት ውኃው ቀዝቀዝ ሲል ነው። የሐምሌ መጨረሻ ጉዳቱ ዋጋው ነው። የቱሪስት ወቅት ስለሆነ ማረፊያ ይወደዳል፤ ቀድመሽ ያዢ።

አሁን ወደ ቦታዎቹ። ዋናው ደሴት ኡንጉጃ ይባላል። ስቶን ታውን በምዕራብ ዳርቻው ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ባሕሩ ላይ የምትጠልቅበት ከተማ ነው። ጃምቢያኒና ፓጄ በምሥራቅ ናቸው፤ ፀሐይ ከባሕሩ የምትወጣባቸው መንደሮች ናቸው። በመካከላቸው በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ቢሆን ነው። ባሕር ላይ ስትወጣም ስትጠልቅም ለማግኘት አውሮፕላን መቀየር አያስፈልግሽም። በነሐሴ መጀመሪያ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፡30 ገደማ ትወጣለች፣ ማታም 12፡30 አካባቢ ትጠልቃለች። ሰዓታቸውም ከእኛ ጋር አንድ ነው። እንዲያውም በስዋሂሊ ሲያወሩ ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ባለጀልባው «በ12 እንገናኝ» ካለሽ ንጋት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ከተነጋገራችሁ ግን የትኛውን አቆጣጠር እንደሚጠቀም ጠይቂው።

ስቶን ታውን በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ቤቶቹ የተሠሩት ከኮራል ድንጋይና ከኖራ ነው። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዱ ጋ እጅሽን ብትዘረጊ ሁለቱን ግድግዳ ትነኪያለሽ። ይሄ ለፎቶ ትልቅ ጥቅም አለው። ሌላ ቦታ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ካሜራ ይታጠፋል። እዚህ ግን ፀሐይ ከላይ የአንዱን ቤት ነጭ ግድግዳ ትመታና ብርሃኑ ተንጸባርቆ ወደ መንገዱ ይወርዳል። ስቱዲዮ ውስጥ ብርሃን በሚያለሰልሰው ሶፍትቦክስ ለማግኘት የምንደክምበት ብርሃን በነፃ አለ። ስለዚህ በስቶን ታውን ቀኑ ሙሉ የሥራ ቀን ነው።

እንዲህ አድርጊ። አንድ መታጠፊያ ምረጪ። ጥሩ በር ቢኖርበት ይመረጣል፤ የከተማዋ በሮች ወፍራም የተጠረበ እንጨት ናቸው፣ አንዳንዶቹ ላይ የሾሉ የነሐስ ጉብታዎች ተመትተዋል። ብርሃኑ ወለሉ ላይ የት ድረስ እንደደረሰ እይ። ኤክስፖዠርሽን፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን፣ ለደማቁ ቦታ አስተካክዪ። ከዚያ ቆመሽ ጠብቂ። ባለብስክሌት ይመጣል፣ ዳቦ የተሸከመ ልጅ ይመጣል፣ ካንጋ የሚሉትን ባለቀለም ጨርቅ የለበሰች እናት ትመጣለች። ሰው ተከትለሽ አትሩጪ። መድረኩን አንቺ አዘጋጂ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ይገቡበታል። በጠባቡ መንገድ 50ዋ ሌንስ ትጠብብሻለች፤ በአንቺ ካሜራ ላይ እንደ 80 ነው የምታሳየው። 18-55ቱን 24 አካባቢ አድርገሽ ተጠቀሚ። 50ዋን ለበሩ ዝርዝርና ተፈቅዶልሽ ለምታነሺው ፊት አስቀሪያት።

ማታ ፎሮዳኒ ሂጂ። ባሕሩ ዳር ያለ መናፈሻ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ የሰፈሩ ልጆች ከግንቡ እየተንደረደሩ ባሕር ውስጥ ይዘላሉ። ፀሐይዋ ከኋላቸው ስለሆነች ጥላቸው ብቻ ነው የሚወጣው። ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ አካላቸው ከአድማሱ በላይ እንዲወጣ። ሻተሩን 1/1000 አድርጊ። አየር ላይ እጅና እግራቸው የተዘረጋበትን ቅጽበት ለመያዝ ብዙ ዝላይ ታነሻለሽ፤ እነሱም አይሰለቹም። ከጨለመ በኋላ ምግብ ሻጮቹ መብራት ያበራሉ፣ ጭሱም ይነሳል። 50ዋ ሌንስ በ1.8 ተከፍታ የምትሠራው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ልጠቁምሽ። የድሮ ፎቶዎች ላይ ቤይት አል አጃኢብ የሚባለውን ትልቅ ነጭ ቤተ መንግሥት በባሕሩ ፊት ታያለሽ። እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በከፊል ተደርምሷል። እሱን ለማንሳት ብለሽ ዕቅድ አታውጪ።

ወደ ምሥራቁ ዳርቻ እንምጣ፤ ጨረቃዋም እዚህ ነው የምትመጣው። ጃምቢያኒና ፓጄ ላይ ሴቶች የባሕር አረም ያለማሉ። ውኃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ ችካል ይተክላሉ፣ በችካሎቹ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፣ ገመዱ ላይ ትናንሽ የአረም ቁራጭ ያስራሉ። ውኃው ተመልሶ ይሸፍነዋል። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይለቅሙታል፣ ያደርቁታል፣ ይሸጡታል። ከእሱ የሚወጣው ነገር ለጥርስ ሳሙና፣ ለመዋቢያና ለምግብ ማወፈሪያ ይውላል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው።

አሁን እይው። ከመንደሩ ተነስተሽ ወደ ባሕሩ ትሄጃለሽ። ባሕሩ ግን የለም። ነጭ አሸዋና ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ብርጭቆ የመሰለ ውኃ እስከ ሩቅ ተዘርግቷል። ችካሎቹ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። ደማቅ ካንጋ የለበሱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ገመዱን ይፈታሉ። እርጥቡ አረም ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ጆንያው ጭንቅላት ላይ ይወጣል። ጥላቸው እግራቸው ሥር ውኃው ላይ ይወድቃል። ቀና ስትዪ ከሩቅ፣ ኮራሉ ጋ፣ ነጩ የማዕበል መስመር ይታያል። ከረፋዱ እስከ ቀትር እንዲህ ይሠራሉ፤ ከዚያ ውኃው ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ እነሱም ይወጣሉ።

ይሄን ግን በማንኛውም ቀን አታገኚውም። ባሕር በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ፈረንጆቹ ታይድ ይሉታል። የሚሸሽበት መጠን ግን በየቀኑ ይለያያል። ፀሐይ፣ ምድርና ጨረቃ በአንድ መስመር ሲሰለፉ የፀሐይና የጨረቃ ስበት ይደመራል። ያኔ ባሕሩ በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይሸሻል። በዛንዚባር በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ከፍታ እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይሄ የሚሆነው ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ነው። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እርሻው በደንብ አይገለጥም፣ ሴቶቹም አይገቡም።

አንቺ ለዚህ ምንም አፕ አያስፈልግሽም። ወሎ ውስጥ ሆነሽ የሒጅራ ቀን የሚነግርሽ ሰው አታጪም። የሒጅራ ወር በጨረቃ ነው የሚቆጠረው፤ በወሩ 1 እና በ15 አካባቢ ነው ነገሩ። ከፍተኛው ሽሽት ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ቆየት ብሎ ይመጣል። ስለዚህ የምሥራቁ ዳርቻ አራት ቀንሽ ወይ ከ1 እስከ 4፣ ወይ ከ15 እስከ 18 ባለው ላይ እንዲወድቅ አድርጊ። ስቶን ታውንን ከእሱ በፊት ወይም በኋላ ታደርጊዋለሽ። የሰዓቱን ዝርዝር ደግሞ የዛንዚባርን የታይድ ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ፈልገሽ ታገኛለሽ። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እንደሚዘገይ አትርሺ። ዛሬ ያየሽውን ትዕይንት ነገ በዚያው ሰዓት ብትጠብቂው ትንሽ ይቆያል።

እዚያ ስትሠሪ የሚፈትንሽ ነጩ አሸዋ ነው። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ፎቶውን ያጨልመዋል፤ የሴቶቹ ፊት ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ይሄ ለአንቺ አዲስ አይደለም። ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሳ ደማቅ ፀሐይ ላይ ስትቆም የሚገጥምሽ ችግር ነው። ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን ወደ +1 ውሰጂ፣ ወይም ከፊቷ ላይ ለክተሽ ቆልፊው። በኋላ ለማስተካከል በሚመቸው በሮው ፎርማት አንሺ።

የሰው ፈቃድ ጉዳይ። ዛንዚባር ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። አለባበስሽ ኮምቦልቻ ገበያ የምትወጪበት ዓይነት ይሁን፤ ትከሻና ጉልበት የሸፈነ። ካሜራ ከማንሳትሽ በፊት ሰላምታ ስጪ። «ናኦምባ ኩፒጋ ፒቻ» ማለት ፎቶ ለማንሳት እለምናለሁ ማለት ነው፤ አጥኚው። እምቢ ካሉሽ ፈገግ ብለሽ ሂጂ። በመጀመሪያው ቀን እርሻው ላይ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አድርገሽ ግቢ። ጠይቂያቸው፣ ገመድ ያዢላቸው። ሴት መሆንሽ እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነው። ወንድ ፎቶ አንሺ ከሩቅ የሚያየውን አንቺ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ታነሽዋለሽ። ከሚሠሩት ሳሙና ወይም ሌላ ነገር ግዢ። ለፎቶ ክፍያ ከጠየቁሽ ቅር አይበልሽ፤ የሥራ ሰዓታቸውን ነው የምትሻሚው። ወታደር፣ ፖሊስ፣ ወደብና የመንግሥት ሕንፃ ግን አታንሺ። ይሄ ያስይዛል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልልሽ።

ዱባይ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ቀን ውጭ ቆሞ መጠበቅ አይቻልም። ሕንፃ ለሚወድ ሰው በኅዳርና በጥር መካከል ጥሩ ነው። ግን አንቺ ሰው ነው የምታነሺው። እዚያ ደግሞ ሰውን ያለፈቃዱ ማንሳት በሕግ ያስጠይቃል። ጓደኞችሽ ለሸመታ ከሆነ ይሂዱ፣ ይመቻቸው።

ኢስታንቡልን እወዳታለሁ። ከምድር ወገብ ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ጋደል ብላ ነው የምትጠልቀው፤ ጥሩው ብርሃን ከእኛ ይልቅ ረዘም ይላል። የጋላታ ድልድይ ዓሣ አጥማጆች፣ ቦስፎረስን የሚያቋርጡት ጀልባዎች፣ ከኋላቸው የሱለይማኒዬ መስጊድ። በሚያዝያና በግንቦት ብትሄጂ ይመረጣል። ቪዛው አስቀድሞ መያዝ ስላለበት ጊዜ ይፈልጋል። ለሁለተኛ ጉዞሽ አስቀምጪያት።

ኬንያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ኢትዮጵያውያን ለኬንያ ቪዛ አይጠየቁም፣ ቅርብም ነው። ግን ሳፋሪ የሌንስ ጉዳይ ነው። በ55 አንበሳ ብታነሺ አንበሳው ነጥብ ይሆናል። ቢያንስ 55-250 ያስፈልግሻል፤ በአንቺ ካሜራ 400 የሚያህል ይሆናል። ከዚያ የፓርክ ዋጋ አለ። ማሳይ ማራ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ከውጭ አገር ጎብኚ በቀን የሚጠይቀው ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር፣ ከጃንዋሪ እስከ ጁን 100 ዶላር ነው። ያንቺ የሐምሌ መጨረሻ ውዱ ላይ ይወድቃል። ዋጋ ለመቀነስ መኪና ብትጋሪ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ስድስት ሰው ባለበት መኪና «እዚህ ጋ ግማሽ ሰዓት ሞተር አጥፍተን እንጠብቅ» ማለት አትችዪም። ሌላው ሰው ዝሆን አይቶ ወደ ቀጭኔ መሄድ ይፈልጋል። ሳፋሪ የግድ ካልሽ አምቦሴሊ ፓርክን እይ። 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው ኪሊማንጃሮ ታንዛኒያ ውስጥ ቢሆንም ከዝሆኖቹ በስተጀርባ የሚታየው ከኬንያው በኩል ነው። ግን ተራራው ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በማለዳ ነው፤ ረፋዱ ላይ ደመና ይለብሳል። ያም ቢሆን መኪናና ረጅም ሌንስ ይፈልጋል። ለአሁኑ ይለፍሽ።

ስለ ሌንስ ጠይቀሽኝ ነበር። ለዛንዚባር ያለሽ ይበቃል። ገንዘብ ማውጣት ካማረሽ ለ18-55ቱ ፖላራይዘር ግዢ፤ ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም ማጣሪያ መስተዋት ነው። ኤስቲኤም (STM) የተጻፈበት ሌንስ ከሆነ የማጣሪያው ልክ 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌንሱ ፊት ላይ ተጽፏል፣ አይተሽ ግዢ። ፖላራይዘሩን ስታዞሪው የውኃው አንጸባራቂ ይጠፋና ከሥር ያለው ገመድና አረም ይወጣል። ያለ እሱ ነጭ ብልጭታ ብቻ ነው የምታነሺው። ፀሐይዋ በጎንሽ ስትሆን በደንብ ይሠራል። ብርሃን ስለሚቀንስ አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ ማድረግ ይኖርብሻል፤ በቀትር ፀሐይ አያሳስብም።

ትርፍ ባትሪ፣ ኤልፒ-ኢ8 የሚለውን፣ ያዢ። ሁለት ሜሞሪ ካርድ ያዢና በየማታው ወደ ሌላ ነገር ገልብጪ። ሶኬታቸው ባለሦስት እግር የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ አዳፕተር ከዚሁ ግዢ። ከኤሲ ክፍል ካሜራውን ይዘሽ ወደ ሙቀቱ ስትወጪ ሌንሱ ላብ ይይዛል። ከመውጣትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት ቦርሳ ውስጥ እንዳለ በረንዳ ላይ አስቀምጪው። አሸዋው ላይ ሌንስ አትቀይሪ። ማታ ማታ ካሜራውን በትንሹ በራሰ ጨርቅ ጥረጊው፣ ጨው ይበላዋል። ድሮን ካለሽ እቤት ተዪው፤ እዚህም እዚያም ፈቃዱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ደግሞ ካሜራሽን በፌስታል ጠቅልለሽ እንዳትሄጂ። ታንዛኒያ ፌስታል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከልክላለች፤ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብሻል። የጨርቅ ከረጢት ይሻላል።

ወረቀቱ። ፓስፖርትሽ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። የታንዛኒያ ቪዛ በኦንላይን ይጠየቃል፤ ከትኬቱ በፊት እሱን ጨርሺ። ዛንዚባር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከሁሉም የውጭ እንግዳ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ትጠይቃለች፤ 44 ዶላር ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልግሻል፣ ምክንያቱም የምትነሺው ከኢትዮጵያ ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ የመጨረሻ ሳምንት ላይ እንዳታስቢው። አንዴ ከወሰድሽ ለዕድሜ ልክ ነው። ዶላሩን ባንክ ውስጥ ስለምትሠሪ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የካሜራሽን ደረሰኝ ይዘሽ ውጪ፤ ስትመለሺ ጉምሩክ ላይ «ከውጭ የገባ ነው» ቢሉሽ ማሳያ ይሆንሻል። አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ ዛንዚባር ይበራል፤ ሌላ አገር ገብተሽ አውሮፕላን መቀየር የለብሽም። የቪዛና የመግቢያ ደንብ ይቀያየራል፤ ከመክፈልሽ በፊት የኤምባሲውን ገጽ እይ።

ከመሄድሽ በፊት ልምምድ ያስፈልግሻል። ለእሱ ሩቅ መሄድ የለብሽም። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ውኃው ዳር ድረሺ። የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ ከፀሐይዋ ፊት አድርገሽ አንሺ። አድማሱ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ልመጂ፤ ባሕር ላይ የተጋደለ አድማስ ወዲያው ያስታውቃል። ፖላራይዘሩን እዚያው ሞክሪው። ከዚያ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ውረጂ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀሽ። የማታውቂውን ሰው ሰላም ብለሽ፣ ፈቃድ ጠይቀሽ፣ በጠራራ ፀሐይ ፊቱን ማንሳት እዚያ ከተለማመድሽ ዛንዚባር አይከብድሽም። የባቲ ሰው እምቢ ሲል ፊት ለፊት ነው የሚልሽ። ያም ይጠቅምሻል።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ብቻሽን ስለመሄድ ነው። ቀን ቀን ስቶን ታውንን ብቻሽን መዞር ችግር የለውም። የመጀመሪያውን ጠዋት ግን ከማረፊያሽ የሚታወቅ አስጎብኚ ይዘሽ ሂጂ፤ መንገዶቹ ስለሚያምታቱ ብቻ ሳይሆን ከሰዎቹ ጋር ስለሚያስተዋውቅሽ። ማታ ካሜራ አንጠልጥለሽ ጭር ባለ መንገድም ሆነ በባሕር ዳርቻ ብቻሽን አትሂጂ። ከጓደኛ ጋር ከሄድሽ ፎቶ የምታነሳ ጓደኛ ብትሆን ጥሩ ነው። ካልሆነች ቀድመሽ ንገሪያት፦ ጠዋት እስከ 3 ሰዓትና ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ያንቺ ነው፤ ቁርስ አትጠብቅሽ። በዚህ ካልተስማማች ሌላ ጊዜ አብራችሁ ተዝናኑ፣ ለዚህኛው ጉዞ ግን ብቻሽን ውጪ።

የሐምሌ መጨረሻውን ቀን ከሒጅራው ጋር አስተያይተሽ የትኞቹ አራት ቀናት ለጃምቢያኒ እንደሚሆኑ ጻፊልኝ። ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ከታይድ ሰንጠረዡ ጋር አመሳክሬ መልስ እሰጥሻለሁ።